ቅዳሜ ማታ በራሷ ኃይል ትገባለች፤ አሮጌ ላንድሮቨርን ሳይበታትኑ ማደስ

ከሱሉልታ አልፎ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የወተት ላም በሚያረባ አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ የሰፈረባት ላንድሮቨር አለች። ባለቤቷ ከዐሥር ዓመት በፊት «እንደ አዲስ አደርጋታለሁ» ብሎ ሞተሯን አወረደ፣ ካምቢዮዋን አወጣ፣ በሮቿን ነቀለ። ብሎንና ዳዶውን ሁሉ በአንድ የወተት ጣሳ አጠራቀመው። ከዚያ ልጅ ተዳረ፣ ሁለት ላሞች ሞቱ፣ የግቢው አጥር ፈረሰ፤ ጣሳውም የት እንደገባ ጠፋ። ዛሬ በሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ላሞቹን ላክም በሄድኩ ቁጥር ያቺን መኪና አያታለሁ። የራሴን ላንድሮቨር ለማደስ ስነሳ ሕጌን ያወጣሁትም ከእሷ ተምሬ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት የፈታሁትን ቅዳሜ ማታ እገጥማለሁ፤ መኪናዋም በሰው ግፊት ሳይሆን በራሷ ኃይል ወደ መጠለያዋ ትገባለች። እሑድ ሌሊት ምጥ የጠናባት ላም አለች ተብሎ ሲደወልልኝ «መኪናዬ ተፈታታለች» ማለት አልችልም። ሕጉ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ከነካችሁ፣ በማግስቱ አዲስ ድምፅ ስትሰሙ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ዐሥር ነገር ከነካችሁ ግን ዐሥር ተጠርጣሪ ይኖራችኋል።

የእኔዋ በፈረንጆቹ 1975 የተሠራች፣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ሲሪስ 3 የሚባለው ሞዴል ናት። ረጅሟ ናት፤ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት 109 ኢንች። አጭሯ 88 ኢንች ናት። ሲሪስ 3 የተመረተችው ከ1971 እስከ 1985 ሲሆን፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ልኮች ሁሉ የእሷ ናቸው። የሌላ መኪና ባለቤት የራሱን የፋብሪካ መመሪያ ይመልከት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለማንኛዋም አሮጊት ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ማግኔትና ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ስለነበር ብረት በራሽን ነበር የሚታደለው። ፋብሪካው አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ልማዱም ቀጠለ። ስለዚህ ፓራፋንጎዋና የበሮቿ ውጫዊ ገጽ ማግኔት መያዝ የለባቸውም። ከያዙ አንድ ባትላሜራ በበርሜል ቆርቆሮ ጠግኗቸዋል ማለት ነው። ይህ ብቻውን መኪናዋን አያስጥልም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

መኪናዋን የሚያስጥለው ከሥር ያለው ነው። ሻንሲዋ ብረት ነው። ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳም፣ እግራችሁን የምታሳርፉበትን ጎድጓዳ ወለል ጨምሮ፣ ብረት ነው። ከሥር ተኝታችሁ ሻንሲውን በመዶሻው ቀስ እያላችሁ ኳኩት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰ ብረት ግን እንደ ዱባ «ዱፍ» ይላል፤ አንዳንዴም መዶሻው ገብቶ ይቀራል። በተለይ አራት ቦታዎችን ደጋግማችሁ ምቱ፦ የፊት ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ) የሚታሰርበትን አፍንጫ፣ ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥተው አካሉን የሚሸከሙትን ክንዶች፣ የኋላውን ባሌስትራ ማሰሪያና ከሁሉም ኋላ ያለውን ተሻጋሪ ብረት። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ሳጥን ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል፤ ላዩ ላይ በተቀባ አዲስ ጥቁር ቀለም አትታለሉ። እንዲያውም ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባች አሮጌ መኪና ሳይ ጥርጣሬዬ ይጨምራል።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ አለ። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ፤ በሲሪስ 3 ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል የፊት ባሌስትራ ከሚታሰርበት አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ አንብቡት። ካልተነበበ ወይም ቦታው ላይ አዲስ ብየዳ ካለ ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ሞተር የተለወጠላቸው ብዙ ናቸውና የሞተሩ ቁጥርም በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይግጠም። እግድ አለመኖሩን አረጋግጡ። ይህን ሳይጨርሱ ገንዘብ መክፈል የታመመች ላም በጨለማ እንደመግዛት ነው።

እኔ የገዛኋት በ2006 ዓ.ም. በአራት የፈረንጅ ላም ዋጋ ነው። ባለቤቴ ላሞቹ ቢያንስ ወተት ይሰጡ እንደነበር እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ትንሽ ዝም ብሏል።

ቁልፍና መለዋወጫ

መኪናዋ የኢንች ልጅ ናት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ቁልፍ ይገባል፣ ይዞራልም። ብሎኑ የዛገ ሲሆን ግን ያቺ የ0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማዕዘኑን ልጣ ድቡልቡል ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የመፍቻ መሆኑ ቀርቶ የመቁረጫ ይሆናል። የ7/16፣ የ1/2፣ የ9/16 እና የ5/8 ኢንች ቁልፎች ካገኛችሁ አብዛኛው ሥራ ይሠራል። እኔ የእኔዎቹን መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት መሃል ለቅሜ ነው ያገኘኋቸው፤ ከዛሬዎቹ ብዙዎቹ የተሻሉ ናቸው። ቅዳሜ የምትፈቱትን ብሎን ዓርብ ማታ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅላችሁ አጠጡት። አንድ ሌሊት ሲያድር ጉልበት የማይፈታውን ይፈታል።

ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ስሙን ብቻ አትናገሩ። «እህቴ፣ ይህ የላንድሮቨር ነው» ይላል ሻጩ፤ ላንድሮቨር ግን ብዙ ዓይነት ነው። ኩሽኔታ ከሆነ ጫፉ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ከያዛችሁ የላንድሮቨር ሻጭ እንኳን ባይሆን ኩሽኔታ የሚሸጥ ማንኛውም ሱቅ ይሰጣችኋል። የዘይት መያዣ ጎማ ከሆነ የውስጡን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን ለኩ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በቀኝ መንዳት ስለጀመረች የእኛዎቹ መሪያቸው በግራ ነው። ከኬንያ ወይም ከእንግሊዝ የሚመጣ የመሪ፣ የፔዳልና የፍሬን ቱቦ ዕቃ ግን መሪያቸው በቀኝ ለሆኑት የተሠራ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ የሚያምር የፍሬን ቱቦ ስብስብ ገዝቼ ግማሹን የልብስ ማስጫ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ፍሬን

መኪናዋን እንደገዛሁ ቀለም መቀባት ነበር ያማረኝ። እኛ ሰፈር ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመካኒክነት ያሳለፉ ሽማግሌ አሉ። የቀለም ቆርቆሮውን በእጄ አዩና «ዶክተር፣ እርስዎ ላም ስትታመም ጭራዋን ነው መጀመሪያ የሚያበጥሩላት?» አሉኝ። ቆርቆሮውን ለሦስት ዓመት አልከፈትኩትም።

የፍሬኑን ነገር ግን ጋሼ ሳይሆኑ ቁልቁለቱ ነው ያስተማረኝ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ የእንጦጦን ጀርባ ታቋርጣላችሁ፤ መንገዱ ረጅም ቁልቁለት ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ግማሽ ላይ ስደርስ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። በሦስተኛ፣ ቀጥሎም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮህኩ አወረድኳትና መንገድ ዳር ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ሰካኋት። ስትፈታ ታወቀ፤ ቀደም ሲል ያየልኝ አንድ ጋራዥ የጎደለውን የፍሬን ዘይት በሞተር ዘይት ሞልቶታል። የሞተር ዘይት የፍሬን ላስቲክን ያሳብጣል፤ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ አያሽግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሬን ዘይት ክዳኗን ከእኔ በቀር ማንም አይከፍተውም።

ስለዚህ ያልታወቀ ታሪክ ያላት መኪና ከገዛችሁ አትመርምሩ፤ ለውጡ። ዋናውን የፍሬን ፖምፓ፣ በየጎማው ያሉትን ትንንሽ ፖምፓዎችና ሦስቱን ተጣጣፊ የላስቲክ ቱቦዎች። በየቅዳሜው አንድ አንድ ጎማ ብትሠሩ በአንድ ወር ትጨርሳላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ክሪክ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳያውቁ ላንድሮቨር ሥር መግባት አደገኛ ነው። የእጅ ፍሬኗ እንደሌሎች መኪኖች የኋላ ጎማዎችን አይዝም። ከካምቢዮው በስተጀርባ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሡ ዘንጉ ተይዞም ቢሆን፣ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል የተነሣውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ መሬት ላይ ያለውን ወደ ፊት ይለቀዋል። መኪናዋ ትሄዳለች። የእኔዋ የእጅ ፍሬኗ እስከ ጫፍ ተስቦ ከክሪኩ ወርዳ የጎረቤቴን የድርቆሽ ክምር ገፍታ ቆማለች፤ እግሬ ከሥሯ ከወጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በግንድ ደግፉ፤ አራቱንም ጎማ የሚያነዳውን ማርሽ አስገቡ፤ ክብደቷን በክሪክ ሳይሆን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። በዚያው ምክንያት መኪናዋ እየሄደች የእጅ ፍሬን አትጎተትም፤ ጉልበቱ በሙሉ በዘንጉና በማርሾቹ ላይ ያርፋል።

አሁን አየር ማስወጣት። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቅሞኛል፤ ለላም ግሉኮስ የምሰጥበት ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አንዱን ጫፍ በፖምፓው ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ መሪዋ በግራ ለሆነች መኪና የኋላው ቀኝ ነው። የእህቴ ልጅ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል። «ርገጥ!» ስለው ይረግጣል፣ ብሎኑን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፣ አረፋው በቱቦው ውስጥ እየተንከባለለ ሲወርድ አየዋለሁ፣ ብሎኑን እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ!» እለዋለሁ። ፔዳሉን የሚለቀው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ ከቀደመ አየሩን መልሶ ይስበዋል። በየአምስት ስድስት ርግጫው የላይኛውን ዕቃ ሙሉ። አረፋ ሳይታይ ዐሥር ጊዜ ከወረደ ወደሚቀጥለው ጎማ እለፉ። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ አዲሱም ቢሆን በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ይሻላል። ቀለምም ይልጣልና ጠብ ያለውን ወዲያው በውሃ እጠቡት።

በመጨረሻ ጎማውን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር አቀራርቡ። በ109ኟ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ ብሎን አለው፤ ከጎማው በስተጀርባ ካለው ሳህን ላይ ታገኙታላችሁ። ጎማው እምቢ እስኪል አዙሩ፣ ከዚያ በነጻ እስኪዞር ጥቂት መልሱት። አራቱን ጎማዎች እኩል ካላደረጋችሁ ስትይዙ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ይህን ሥራ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም አለባችሁ፤ በራሱ አይስተካከልም።

ዝገት

ብየዳ የራሴ ሙያ አይደለም፤ በያጅ እጠራለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው ዝግጅቱ ነው። የባትሪውን ገመዶች ንቀሉ፣ የአልተርኔተሩንም ገመድ ንቀሉ። የእኔዋ የቤንዚን ታንከር ከወንበሩ ሥር ነው፤ ሻንሲው አጠገብ ብየዳ ካለ ታንከሩ ወጥቶ ከግቢው ማዶ ይቀመጣል። ባዶ ታንከር ከሙሉው የበለጠ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። በያጁ ቢቸኩልም ባይቸኩልም በዚህ አልደራደርም።

የሻንሲውን አንድ ክንድ ቆርጣችሁ አንድ ክንድ በይዱ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው በሮቹ አልገጥም ብለውት አይቻለሁ፤ አካሉ ወርዶበታል።

አሉሚኒየሙም አይዝግም ብላችሁ አትተዉት። አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ተበልቶ የሚያልቀውም አሉሚኒየሙ ነው። ቀለሙ ተነፍቶ ሥሩ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ያ ነው። ፓራፋንጎውን ፈትታችሁ ስትመልሱ በሁለቱ መሃል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ አድርጉ፣ ብሎኑንም ግራሶ ቀቡት። የሻንሲውን ውስጥ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ። ዝገቱን ያዘገየዋል፤ ግን ለሳምንታት መሬት ላይ ይንጠባጠባል። የእኔ ግቢ ሣር የላሞች መኖ ስለሆነ ለእኔ አይሆንም፤ ቀጭን ግራሶ አሙቄ በብሩሽና በሽቦ የደረስኩበትን ቀብቻለሁ።

ሞተሩ፣ በዚህ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ደግሞ ከዚያም ከፍ እንላለን። ይህ ማለት ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሩብ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብሎ የሸጠው ሞተር እዚህ ከሃምሳ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ዳገት ላይ ስትደክም ሁልጊዜ ሕመም አይደለም፤ ቦታው ነው።

ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ አየሩ ቢሳሳም የለመደውን ቤንዚን ይለቃል። ካንዴላውን አውጥታችሁ ጫፉን እዩ። እንደ ቡና ገለባ ቡናማ ከሆነ ተዉት። ጥቁርና እንደ ጥላሸት ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ አንድ ቁጥር የሚያንስ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ይሞከር። ከዚያ በፊት ግን የዜኒት ካርቡራተር ካላችሁ የላይኛውን ክዳን ፈትታችሁ በመስታወት ላይ አስቀምጡት። በሙቀትና ብሎን በማጥበቅ ብዛት ይጣመማል፤ ሲጣመም ቤንዚን ያለ ልክ ያልፋል። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ክዳኑን በክብ በክብ እያሻችሁ አስተካክሉት። ብዙ ሰው ካርቡራተር የለወጠበት ሕመም በዚህች የአንድ ሰዓት ሥራ ይድናል።

የቫልቮላው ክፍተት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ልኩ ለአስገቢውም ለአስወጪውም 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱንም ካንዴላ አውጡ፤ ሞተሩ ሲቀል ማንቬላውን በአንድ እጅ ታዞሩታላችሁ። የላይኛውን ክዳን አንሡና ቫልቮላዎቹን ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ቁጠሩ። ማንቬላውን እያዞራችሁ 8ኛው ቫልቮላ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ሲጫን 1ኛውን ለኩ። 7ኛው ሲጫን 2ኛውን፣ 6ኛው ሲጫን 3ኛውን፤ እንዲህ እያለ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 9 ነው። መለኪያውን የብረት ቅጠል በክፍተቱ ውስጥ ስትጎትቱት ከተዘጋ መጽሐፍ ገጾች መሃል ወረቀት እንደመሳብ ቆንጠጥ አድርጎ መምጣት አለበት። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ትንሽ ይሸሻል። ትንሽ የጠበበ ቫልቮላ ዝም ይልና ይቃጠላል፤ ትንሽ የላላ ይጮኻል እንጂ አይጎዳም። የሚጮኸውን አትፍሩት።

እሳቱን እየቆረጠ ለካንዴላ የሚሰጠው የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። የአየር ማጣሪያዋ ዘይት የሚቀመጥበት ድስት ነው፤ በበጋ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ በነጭ ጋዝ ታጥቦ እስከ ምልክቱ አዲስ ዘይት ይደረግበታል።

ስለ ራዲያተር አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ ምንም የማይሆን ሞተር እዚህ ሊፈላ ይችላል፤ የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ለዓመታት አትጠቀሙ። ርካሽ ዕቃ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የማዳምጠው የላም ከርስ በማዳምጥበት መሣሪያ ነው። የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ፣ አልተርኔተሩ፣ የቫልቮላው ክዳን፤ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው። ጤነኛ ኩሽኔታ ሹሹ ይላል። ያለቀው ጠጠር ያኝካል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ሳቁ፤ በሳምንቱ ግን የራሳቸውን መኪና እንዳዳምጥላቸው አመጡ።

ዋልካ

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ ይሆናል። ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ይከብዳል፣ የጎማውን ጥርስ ደፍኖ እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ላንድሮቨሯን የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ከካምቢዮው አጠገብ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች አሉ፤ አንዱ አናቱ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ። ቢጫውን ወደ ታች ስትጫኑት የፊት ጎማዎችም በፈጣኑ ማርሽ መንዳት ይጀምራሉ። ቀዩን ቆማችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ደግሞ ዝግተኛው ማርሽ ይገባል፤ ያን ጊዜ አራቱም ጎማ ቢጫውን ሳትነኩ ይነዳሉ። ለመልቀቅ ቁሙ፣ ቀዩን እስከ ኋላ ስባችሁ እንደገና ወደ ፊት መልሱት፤ ቢጫው ራሱ ዘሎ ይነሣል። ይህን በደረቅ መሬት ተለማመዱት፤ ጭቃ ውስጥ ሆኖ መማር አይቻልም። አስፋልት ላይ ግን በአራት ጎማ አትንዱ። በፊትና በኋላ ዘንግ መሃል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል ስለሌለ፣ ስትታጠፉ ዘንጎቹ እንደ ገመድ ይገመዳሉ፤ የሚሰበረውም ደካማው ነው።

ጭቃው ከመድረሱ በፊት ማርሹን አስገቡ፤ በዝግተኛው ሁለተኛ ማርሽ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሥታችሁ፣ ሳትቸኩሉ ሂዱ። ጎማው ባዶውን መዞር ከጀመረ ቤንዚን አትስጡ፤ እየቆፈረ ነው። ወንዝ የምታቋርጡ ከሆነ ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ያለችውን ቀዳዳ በብሎን ድፈኑ። ከወጣችሁ በኋላ ብሎኑን መልሳችሁ አውጡት፤ ቀዳዳዋ የተሠራችው የሚያፈስ ዘይት እንዲወጣና ፍሪሲዮኑን እንዳያበላሽ ነው።

ከክረምቱ በኋላ የማይረሳ ሥራ የፊት ጎማዎችን የሚያጥፉት ሁለቱ ኳሶች ናቸው። የሚያብረቀርቀው ኳስ በዝገት ከተበሳሳ ማሸጊያውን ይበላዋል፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል። ከታች ያለውን ብሎን ፈትታችሁ የሚወርደውን እዩ፤ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በእያንዳንዱ ኳስ ግማሽ ሊትር 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ይገባል፤ ግን የሚሞላበት ቀዳዳ በጎን ስለሆነ በጠርሙስ አይሆንም። ለከብት መድኃኒት የማጠጣበት የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ስምንት ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ሲጨመርበት በትክክል ግማሽ ሊትር ነው። ለዚህ የለየሁት ሲሪንጅ ላይ በቀይ ቀለም «መኪና» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አንድ ቀን አንድ በግ የማርሽ ዘይት ሊጠጣ ለጥቂት ተርፏል።

ቀለሙን በመጨረሻ ቀባኋት፤ በብሩሽ፣ አረንጓዴ፣ ሊብሬው ላይ በተጻፈው ቀለም። ከሦስት ሜትር ርቀት ታምራለች።

አሁን የቀረኝ የኋላው ተሻጋሪ ብረትና የዝግተኛው ማርሽ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ከአንደኛው ኩሽኔታ ጠጠር ማኘክ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ያን ጫንጮ መንገድ ያለውን ደንበኛዬን ከዶሮ ቤቷ መኪና ሳጥኑን እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት። ዋጋው ላይ ብዙም ሳንከራከር ተስማማን። ልፈታ መሣሪያዬን ይዤ ብሄድ በሩ ላይ አስቆመኝ፤ ገብስማዋ ከወንበሩ ሥር ዐሥራ ሦስት እንቁላል ታቅፋለች። «ዐሥራ ሰባት ቀን ይታገሱኝ ዶክተር» አለ፤ «ከታቀፈች ገና አራተኛ ቀኗ ነው።»